የወስፋት እንቁላል ቆጠራና የተከታታይ ፍተሻ ብልሃት

ወስፋት በአንድ አካባቢ ነዋሪዎች መካከል እኩል አይከፋፈልም። ብዙው ሰው ጥቂት ትል ይዞ ወይም ጭራሹኑ ነፃ ሆኖ ሲገኝ፣ አብዛኛውን ትል የሚሸከሙት ጥቂቶች ናቸው። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ሥርጭት ረጅም ጭራ ያለው ይሉታል። በወላይታ ዞን የአንጀት ትላትልንና የብልሃርዝያን መተላለፍ ለመግታት አልቤንዳዞልና ፕራዚኳንቴል ለመላው ኅብረተሰብ ሲያድል የቆየው የገሺያሮ ፕሮጀክትም ከዚህ ጭራ አያመልጥም።

ካቶ-ካትዝ በሚባለው የሰገራ ምርመራ 41.7 ሚሊግራም ሰገራ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ያለው መጠን ይገኛል። በወላይታ ዲምቱ 50 ሰዎች ተመርምረው በ49ኙ በግራም 240፣ በአንዱ ብቻ 60,000 እንቁላል ተገኘ እንበል። አማካዩ ከ240 ተነሥቶ ወደ 1,435 ይዘላል። መድኃኒቱ ሠርቷል አልሠራም የሚለው ፍርድ በአንድ ሰው መምጣትና መቅረት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ውጤቱ ገና ሲሰበሰብ ደጋግሞ ከታየ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። 5 በመቶ ስሕተት ፈቅዶ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ፍተሻ አምስት ጊዜ ቢደጋገም፣ የሌለውን አለ የማለት ዕድሉ ወደ 14 በመቶ ይደርሳል። የስታቲስቲክስ ሊቁ አብርሃም ዋልድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያፈለቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ያሳተመው የተከታታይ ፍተሻ ዘዴ ይህን ይፈታል። እያንዳንዱ አዲስ ውጤት ከሁለቱ መላምቶች (ለምሳሌ መድኃኒቱ ሠርቷል ወይም አልሠራም ከሚሉት) የትኛውን ምን ያህል እንደሚደግፍ በንጽጽር ይሰላና ከቀደመው ጋር ይባዛል። የመጀመሪያው ዓይነት ስሕተት (የሌለውን አለ ማለት) 5፣ የሁለተኛው (ያለውን የለም ማለት) 20 በመቶ እንዲሆን ከተፈለገ፣ ብዜቱ 16 ሲደርስ ወይም ከ0.21 ሲወርድ ምርመራው ይቆማል። በመካከል ከሆነ ሌላ ሰው ይመረመራል።

ዋልድ ግን የሥርጭቱ ቅርጽ በትክክል ይታወቃል ብሎ ይነሣል። ቅርጹ በስሕተት ከተገመተ አንድ ጽንፈኛ ቁጥር ብቻውን ብዜቱን ወሰን ሊያሻግረው ይችላል። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ፒተር ሁበር እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረበው መፍትሔ ቀላል ነው፦ የእያንዳንዱ ውጤት ድጋፍ ጣሪያና ወለል ይበጅለታል። ጣሪያው 3 ከሆነ፣ 16ን ለማለፍ ቢያንስ ሦስት ሰዎች በአንድነት መመስከር አለባቸው። ዋጋውም አለ፤ ፍርዱ ይዘገያል።

በወስፋት ጉዳይ ግን ጭራው የቆጠራ ስሕተት አይደለም፤ አፈሩን በእንቁላል የሚበክሉት በዋናነት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ጣሪያ ማበጀት ብቻ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ከባድ የሚለውን፣ በግራም 50,000 እና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ አለ ወይም የለም እያሉ ለብቻው መቁጠር ይሻላል፤ እንዲህ ያለ ቆጠራ ጭራ የለውምና። ይሁን እንጂ ከባድ ሕመምተኛ ብርቅ ስለሆነ፣ በተጠቀሱት የስሕተት ልኮች 1 በመቶን ከ2 በመቶ ለመለየት በአማካይ ከ400 በላይ ሰው ያስፈልጋል። የአንድ ቤት ልጆች አብረው ስለሚያዙም ከየቤቱ አንድ ሰው ብቻ መውሰድ ይመረጣል።