በሜዳ እኩል፣ በማዕድ ለብቻ

በጋዝጊብላም ሆነ በሌላው ደጋ አገር ያደገ ሰው የገናን ጨዋታ ያውቃል። ሩሯ በዱላ ስትመታ ጌታና ሎሌ አይለይም፤ በዚያ ዕለት ሎሌው ቢያሾፍ ጌታው አይቆጣም። በዓሉ ሲያልፍ ግን ጌታ ወደ ጌትነቱ፣ ሎሌም ወደ ሎሌነቱ ይመለስ ነበር። እኩልነት ከሜዳ አልፎ ወደ ማዕድ እንዲገባ ምን ያስፈልገዋል? ለዚህ ጥያቄ በአገራችን ብዙ ያልታወቀ የአንድ ሕንዳዊ ተጫዋች ሕይወት መልስ ይሰጠናል።

ፓልዋንካር ባሉ በ1876 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሕንድ አገር፣ በዳርዋድ ከተማ ተወለደ። ወገኖቹ ቆዳ በመፋቅ የሚታወቁ፣ ሌላው ሕዝብ እነርሱን መንካት እንኳ እንደ ርኩሰት የሚቆጥርባቸው ነበሩ። በወጣትነቱ በፑና ከተማ፣ በእንግሊዞች ክበብ በወር 4 ሩፒ እየተከፈለው የክሪኬት ሜዳ ይጠርግና ያስተካክል ነበር።

ክሪኬት ማለት ወርዋሪው በመሬት ወደ ተተከሉ ሦስት እንጨቶች ኳስ ሲልክ፣ መቺው በእንጨት መምቻ የሚከላከልበት ጨዋታ ነው። እንግሊዞቹ ለልምምድ ሲሉ ባሉን ያስወረውሩት ጀመር። ግሬግ የተባለው ስመ ጥር መቺ በተሸነፈለት ቁጥር 8 አና፣ ይኸውም ግማሽ ሩፒ፣ ይሰጠው ነበር ይባላል። መምቻውን ይዞ እንዲመታ ግን አልፈቀዱለትም።

የፑና ሂንዱዎች እንግሊዞቹን ለማሸነፍ ሲያስቡ ብዙ ካመነቱ በኋላ ባሉን በቡድናቸው አስገቡት። በሜዳ እርሱ የነካውን ኳስ ይነካሉ፤ በዕረፍት ጊዜ ግን ሻዩ ከቤት ውጭ፣ ተጠጥቶበት በሚጣል ሸክላ ይቀርብለት ነበር። ምሳውንም የሚበላው ለብቻው ነበር።

ባሉ በሥራው መለሰ። በ1906 የቦምቤይ ሂንዱዎች አውሮፓውያንን በ109 ነጥብ ብልጫ ሲያሸንፉ ከአሸናፊዎቹ አንዱ ሆነ፤ በዚያን ጊዜም ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጥ ነበር። በ1911 የሕንድ ቡድን ወደ እንግሊዝ አገር በሄደ ጊዜ 114 መቺዎችን አሸንፎ ከሜዳ አስወጣ።

ሆኖም የቡድን አለቅነት ተነፈገው። በ1920 ከቡድኑ ሲያስቀሩት ወንድሞቹ እኛም አንጫወትም ብለው ወጡ። ከዚህ በኋላ ነው ምክትል አለቃ ሆኖ የተመለሰው። በ1923 ወንድሙ ቪታል የሂንዱዎች ቡድን አለቃ ሆነ። ባሉ በ1955 ዐረፈ።

እንግዲህ ችሎታ ባሉን ከማዕድ አደረሰው፤ የአለቅነቱን በር ያስከፈተው ግን የወንድሞቹ እንቢታ ነው። በአገራችንም ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጅ ተሳዳቢን ይገታል፤ የፋቂውን ወይም የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ከአጠገቡ የሚያስቀምጠው ግን ተማሪው ራሱ፣ ለሹመትም የሚያጨው ወጣቱ ሹም ራሱ ነው።