ትንሿ ሲኒና የከተማዋ ዓርማ

በየቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ ቡና የማይቀዳባት አንዲት ሲኒ አትጠፋም። እናቶቻችን «እንዳትነኳት!» የሚሉን ውድ ስለሆነች ሳይሆን፣ ከየት እንደመጣች ስለምታስታውሳቸው ነው። እኛ የታሪክ ክበብ አባላት ዘንድሮ ስለ ማስታወሻ ዕቃዎች ስናነብ፣ እንግሊዞችም በአንድ ወቅት እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ዕቃዎችን በፍቅር ይሰበስቡ እንደነበር ተረዳን።

ዊልያም ሄንሪ ጎስ የሸክላ ሥራ በገነነባት በስቶክ ኦን ትሬንት ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1858 ነበር። በ1880ዎቹ ልጁ አዶልፈስ አዲስ ሐሳብ አመጣ፦ በሙዚየም ያሉ ጥንታዊ ማሰሮዎችን በትንሹ በነጭ ፖርሴሊን መሥራትና የከተማ ዓርማ ማኖር። የዓርማው መስመር ይታተማል፤ ከዚያ ሴት ሠራተኞች ቀለሙን በእጃቸው ይሞላሉ።

ጊዜውም አመቺ ነበር። በ1871 የወጣ ሕግ ተጨማሪ የዕረፍት ቀናትን ፈቅዶ ነበር፤ ባቡሩም ብዙውን ሕዝብ ወደ ባሕር ዳርቻ ያመላልስ ነበር። ተጓዡ በኪስ የሚገባና ዋጋው የማይከብድ ማስታወሻ ይፈልግ ነበር።

ጎስ መጀመሪያ ላይ ጥብቅ ደንብ ነበረው። የየከተማው ወኪል የሚሸጠው የራሱን ከተማ ዓርማ ብቻ ነው። የብራይተንን ዓርማ የፈለገ ብራይተን መሄድ ወይም የሚሄድ ሰው መላክ ነበረበት። ስለዚህ በመደርደሪያ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ዕቃ የአንድ ጉዞ ምስክር ነበረች። በ1904 ሰብሳቢዎቹ የራሳቸው ማኅበር ተመሠረተላቸው።

ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከትለው ድመት፣ ጫማና መኪና እየሠሩ በርካሽ ሸጡ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የከተማ ዓርማ ያለባቸው ታንኮች፣ አምቡላንሶችና የጦር መርከቦች ወጡ። ልጁ ከጦር ሜዳ ባልተመለሰበት ቤት ያቺ ትንሽ ታንክ ምን ትናገር ይሆን ብለን ተወያየን።

ከጦርነቱ በኋላ የሰው ምርጫ ተለወጠ። የጎስ ፋብሪካ በ1929 ተሸጠ። ብዙዎቹ ዕቃዎች በየሣጥኑ ተረሱ፤ ቆይቶ ግን አዲስ ሰብሳቢዎች ይፈልጓቸው ጀመር።

ዛሬ የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ ዕቃዋን ገልብጦ ከሥር ያያል። የጎስ ምልክት ክንፉን የዘረጋ ጭልፊትና የባለቤቱ ስም ነው። ቀጥሎ ጠርዟ አለመሸረፉን፣ ወርቅማ ቀለሟ አለመልቀቁን ይመረምራል። የማሰሮው ቅርጽ የተገኘበት ከተማና ዓርማው አንድ ከሆኑ ይበልጥ ትፈለጋለች። ስትታጠብም በለስላሳ ጨርቅ እንጂ መፈግፈግ አይገባም።

ይሁን እንጂ ዓርማው የከተማዋን ስም ብቻ ነው የሚነግረን። ማን ገዛት? ለማን አመጣላት? ይህ ከሥሯ አልተጻፈም፤ የሚያውቁት ሰዎች ሲያልፉም አብሮ ያልፋል። እኛ ከአገራችን ርቀን የምናድግ ልጆች ከዚህ የምንማረው አለ። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ማታ ስለዚያች የማትነካ ሲኒ እናታችሁን ጠይቁ። የነገረቻችሁን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ በሲኒዋ ውስጥ አኑሩ።