በጨፋ ሸለቆ የባህልና የትምህርት ሳምንት፦ መቼ፣ የትና በምን ፊደል?

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት /ዩኔስኮ/ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት የሜይ ወር አራተኛ ሳምንት ዓለም አቀፍ የኪነ ጥበብ ትምህርት ሳምንት ሆኖ ይከበራል። በሀገራችን ደግሞ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኅዳር 29 ሲከበር፣ በዙሪያው የባህል ትርዒትና ዐውደ ርዕይ ሲዘጋጅ ቆይቷል። ሁለቱም ጊዜያት ለጨፋ ሸለቆ ነዋሪ ምቹ አይደሉም። ኅዳር የማሽላ አጨዳ፣ ግንቦት ደግሞ የእርሻና የዘር ወቅት ነው።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ በ325 ኪሎ ሜትር ርቀት ገደማ የምትገኝ ሲሆን፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ናት። ቦርከና ወንዝ የሚያርሰው የጨፋ ረግረግ በበጋ ወራት ከብቶቻቸውን እየነዱ ለሚመጡ የአፋር አርብቶ አደሮች ጭምር የግጦሽ መጠጊያ ነው። በመሆኑም ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድነት የሚገኙበት ጊዜ ከአጨዳ በኋላ ያለው የጥር ወር አካባቢ ነው። የረመዳን ጾም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም፣ ቀኑን የሚቆርጥ ኮሚቴ ይህንንም አስቀድሞ ሊያሰላ ይገባል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ለስብሰባ አዳራሽ ከመከራየት በፊት የገበያውን ቀን መመልከት ይበጃል። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ የደጋውና የቆላው ሰው ያለ ጥሪ ደብዳቤ ይገናኝባቸዋል። ባቲ ከአራቱ ዋና ዋና የሀገራችን የሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ የሚጠራበት ስም ስለሆነ፣ ስለ ቅኝት ለተማሪዎች ትምህርት የሚሰጥበት ከዚህ የተሻለ ሥፍራ አይኖርም።

ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ግን የፊደል ጉዳይ ነው። የወሎ ሊቃውንት የእምነትን ትምህርት ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ያደረሱት በመንዙማ ነበር። እንደ ሼኽ ጦለሃ ጀዕፈር ያሉት ዓሊሞች በአማርኛ የደረሷቸው መንዙማዎች የተጻፉት በዓረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ መማሪያ መጻሕፍቱ የተዘጋጁት በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ መጻፍ ጀመረ። በአንድ ቤት አያት ዐጀሚ፣ አባት ግዕዝ፣ ልጅ ቁቤ የሚያነቡበት ሁኔታ ሊያጋጥም የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው። በአንድ ፊደል ብቻ የተጻፈ ማስታወቂያ የሚጠራው ከቤተሰቡ አንዱን ነው። በአንጻሩ ሽማግሌው መንዙማውን ቢያዜሙ፣ አባት በግዕዝ፣ ልጅ በቁቤ ቢጽፉትና ሦስቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ቢሰቀሉ፣ ዐውደ ርዕዩ ራሱ ትምህርት ይሆናል። ወጪውም ከወረቀትና ከቀለም አያልፍም።

ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በብሔረሰብ አስተዳደሩና በአጎራባቹ የሰሜን ሸዋ ዞን በተከሰተው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ በአጣዬ ከተማም ከባድ ውድመት ደርሷል። ሕዝቡ ደም የሚያደርቅበት የራሱ ሥርዓት እንዳለው ይታወቃል። ተመራማሪዋ ሜሮን ዘለቀ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ያቀረቡት «የሼኮች ችሎት» የተለያየ ብሔርና እምነት ያላቸው ባለጉዳዮች አቤት የሚሉበት፣ ዱዓና ዳኝነት ያልተለያዩበት ሸንጎ ነው። ይህን ችሎት በመድረክ ላይ እንደ ተውኔት ማሳየት ተገቢ አይመስልም፤ የባለጉዳይ ገመና አለበትና። ይልቁንም የፍርድ ቤትና የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ከሼኮቹ ጋር ተቀምጠው ስለ አሠራሩ የሚጠይቁበት ግማሽ ቀን ቢመደብ ይሻላል።

የሚቀዳው ድምፅ የት እንደሚቀመጥም ከወዲሁ መወሰን አለበት። አንዱ ቅጂ በብሔረሰብ አስተዳደሩ የባህል ጽሕፈት ቤት፣ ሁለተኛው በትምህርት ቤቶች፣ ሦስተኛው መንዙማው በተገኘበት መንደር እንዲኖር፣ የአባቶችም ፈቃድ አስቀድሞ እንዲጠየቅ በዕቅዱ ውስጥ በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል።