ቦይለሩን የሚገዛው አከራይ፣ ፍጆታውን የሚከፍለው ተከራይ

ከሃያ ሁለት ማዞሪያ እስከ ቦሌ ባሉት ሰፈሮች ቤት ሊከራይ የሚመጣ ሰው ደላላውን ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ቦይለር አለው?» የሚል ነው። ደላላው «አለው» ይላል፤ ነገሩም በዚሁ ይዘጋል። ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ መቼ ተከፍቶ እንደታጠበ፣ ኤርዝ እንዳለው የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የቦይለር እውነተኛ ዋጋ ያለው ግን በነዚህ ባልተጠየቁት ጥያቄዎች ውስጥ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አከራዩ የመብራት ሂሳብ ስለማይደርሰው ርካሹን ይመርጣል። ተከራዩ ደግሞ ዕቃው የራሱ ስላልሆነ ለጥገና ገንዘብ ማውጣት አይፈልግም። በሁለቱ መካከል ቦይለሩ ያለ ዕድሜው ያረጃል፣ ቆጣሪውም ይሮጣል። መብራት ርካሽ በነበረበት ዘመን ይህ ብዙም አይጎዳም ነበር። ዛሬ ግን ሦስት ነገሮች ሂሳቡን ለውጠውታል።

አንደኛው ታሪፍ ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ደረጃ በደረጃ መጨመር ጀመረ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ እያደገ ለአራት ዓመታት እንዲዘልቅ የተወሰነ ጭማሪ ሥራ ላይ ውሏል። የዓባይ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ኃይል ቢጨምርም ይህን ጭማሪ አላስቀረውም። በተጨማሪም ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይወደዳል።

ሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ተበላሽቶ በአዲስ መተካት፣ ጠግኖ ከማቆየት ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፋ። ሦስተኛው በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። አዋጁ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል፤ የኪራይ ጭማሪንም ይገድባል። አከራይ ቤቱን ባሻሻለ ማግስት እንደ ልቡ ኪራይ መጨመር አይችልም።

ሂሳቡ እንዴት ይወጣል?

80 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ለማሞቅ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። በቀን አንድ ጊዜ ቢሞቅ በወር ወደ 112 ይደርሳል። ይህ ምጣዱን፣ ፍሪጁንና መብራቱን ሳይጨምር ነው።

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት በዋት ቁጥር ላይ ነው። ባለ 1,500 ዋት ቦይለር ከባለ 2,000 ይቆጥባል ብለው ይገዛሉ። ያንኑ ውሃ በዚያው መጠን ለማሞቅ ሁለቱም የሚፈጁት አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲወስድ ሁለተኛው ሁለት ሰዓት አይሞላም። ልዩነት የሚያመጣው የግድግዳው ሽፋን ውፍረትና ቦይለሩ ሳይጠፋ የሚያድርበት ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ የበራ ቦይለር ሰው ባይታጠብበትም ሙቀቱን ለአየር ይከፍላል።

ያለ ታንከር ወዲያው የሚያሞቀው ዓይነት ይህ ብክነት የለበትም። ነገር ግን 3.5 ኪሎዋት የሚስበው ብቻ 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። የኤሌክትሪክ ምጣድም የዚያኑ ያህል ስለሚስብ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ሻወር የገባ ሰው ቀጭን ሽቦ ባለበት ቤት ብሬከሩን ይጥላል ወይም ሽቦውን ያቃጥላል። እዚህ ላይ ከዕቃው በፊት መስመሩን ማስፈተሽ ይቀድማል።

ጥገናው ምንድን ነው?

በቦይለር ውስጥ ከዝገት የሚከላከል የማግኒዥየም ዘንግ አለ። ታንከሩን ለማዳን ራሱ እየተበላ የሚያልቅ ነው። ካለቀ በኋላ ዝገቱ ወደ ታንከሩ ይዞራል፤ የተበሳ ታንከር ደግሞ አይጠገንም። ሬዚስታንሱ ላይ በሻይ ማንቆርቆሪያ ግርጌ እንደሚታየው ያለ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። የጉድጓድ ውሃ በሚጠቀሙ ሕንፃዎች አብዛኛውን ጊዜ ቅርፊቱ ይፈጥናል። በዓመት አንድ ጊዜ ማስከፈት፣ ዝቃጩን ማጠብና ዘንጉን ማየት ከአዲስ ግዢ ያድናል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የሴፍቲ ቫልቭ ነገር የተለየ ክብደት አለው። ቫልቩ ከሌለ ወይም ከተበላሸ፣ ውሃ ሲጠፋ የታንከሩ ውሃ ወደ ቧንቧው ይመለሳል፤ ሬዚስታንሱም በባዶ ይነዳል። ውሃ ሲመጣ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ ያለ አየር እስኪወርድ ሳይጠብቁ ብሬከር ማብራት አይገባም። ኤርዝ የሌለው ቦይለር ግን የገንዘብ ጉዳይ አይደለም፤ የሕይወት ነው።

ፀሐይና ኤሲ

በፀሐይ የሚሠራ ማሞቂያ ለአዲስ አበባ የሚስማማው በአንድ ልዩ ምክንያት ነው። ሌሊቱ የሚበርደው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ የሚበረታውም በዚያው ወቅት ነው። ችግሩ ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን፣ ለዚያ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ ያለውን መምረጥ ያስፈልጋል። የመስታወት ቱቦ ያለው ዓይነት ውሃ አጥቶ በቀትር ከጋለ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባበት ይሰነጠቃል፤ መሙላት ጠዋት ወይም ማታ ነው። በኮንዶሚኒየም ደግሞ ጣሪያው የጋራ በመሆኑ የነዋሪዎች ማኅበር ስምምነት ይቀድማል።

ክፍል ለማሞቅ ባለ 2,000 ዋት ሂተር አራት ሰዓት ቢበራ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ከቦይለሩ ከእጥፍ በላይ ነው። በመስኮትና በበር ሥር ያለውን ክፍተት መድፈን ከሁሉ ይረክሳል። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማቀጣጠል ግን ገዳይ ነው። ሁለቱንም የሚሠራ ኤሲ ያለው ቤት በማሞቂያው ቢጠቀም ለተመሳሳይ ሙቀት የሚከፍለው ከሂተሩ አንድ ሦስተኛ ገደማ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሚሆነው ፊልትሩ ከግንባታ አቧራ በየጊዜው ከጸዳ ነው።

ውሉ ላይ ይጻፍ

የሁለት ዓመት ውል 24 የመብራት ሂሳብ ማለት ነው። ፀሐዩ የቦይለሩን ፍጆታ ሦስት አራተኛ ቢሸፍን በዚህ ጊዜ ወደ 2,000 ኪሎዋት ሰዓት ይቀንሳል። ይህን በራስ ሂሳብ ላይ ባለው ታሪፍ አባዝቶ ከዕቃው ዋጋ ጋር ማነጻጸር ነው። አከራይ ዕቃውን ቢያቀርብ፣ ተከራይ ዓመታዊ ጥገናውን ቢችል፣ ወይም ተከራይ ገዝቶ ከኪራዩ ቢቀነስለት ሁሉም መንገድ ይሠራል። የማይሠራው ዝምታ ነው። መጥኖ መደቆስ የሚገባው ውሉ ሳይፈረም ነው። ደላላውም «ቦይለር አለው?» ሲባል «ባለ 80 ሊትር፣ አምና የታጠበ፣ ኤርዝ ያለው» ብሎ መመለስ ከቻለ፣ ቤቱን ቶሎ የሚያከራይለት ይኸው መልስ ነው።