በሩቅ ሰርቨር ላይ የሚደረግ የኢንተርኔት ጨዋታ ለምን ይዘገያል? መንስኤውና የፍተሻው ዘዴ

ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳም ሆነ ከባሕር ዳር ሆነው በአውሮፓ ወይም በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚገኝ ሰርቨር ጋር እየተገናኙ የኢንተርኔት ጨዋታ የሚጫወቱ ወጣቶች የሚያነሱት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። ተጫዋቹ ቁልፉን ይጫናል፤ በማያ ገጹ ላይ ያለው ምስል ግን ትእዛዙን የሚፈጽመው ኳሱ ከእግር ካመለጠ ወይም ባላጋራው ከግድግዳ ጀርባ ከተሰወረ በኋላ ነው። ብዙዎች መፍትሔ ብለው የሚወስዱት እርምጃ ከፍ ያለ ፍጥነት ያለው የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት ሲሆን፣ በዚህም ወርኃዊው ክፍያ ይጨምራል እንጂ መዘግየቱ አብዛኛውን ጊዜ እንደነበረ ይቀራል።

ለዚህ ምክንያቱ በማስታወቂያ ላይ "ፍጥነት" እየተባለ በሜጋ ቢት የሚነገረው መጠንና ጨዋታውን የሚያውከው መዘግየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው በአንድ ሰከንድ ምን ያህል መረጃ በመስመሩ ማለፍ እንደሚችል ያሳያል። ሁለተኛው አንዲት ትንሽ የመረጃ እሽግ ወይም ፓኬት ሰርቨሩ ዘንድ ደርሳ መልስ ይዛ እስክትመለስ የሚወስደውን ጊዜ ይለካል። ከጅቡቲ ወደብ ወደ አዲስ አበባ በአንድ ቀን መቶ የጭነት ተሽከርካሪዎች ቢነሡ የሚደርሰው ጭነት ይበዛል እንጂ እያንዳንዱ ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ የሚያሳልፈው ሰዓት አያጥርም። ጨዋታዎች ደግሞ በባሕርያቸው ቀላል ጭነት ናቸው፤ አብዛኞቹ በጨዋታው ወቅት የሚለዋወጡት መረጃ በሰከንድ ከጥቂት መቶ ኪሎ ቢት ያነሰ ነው። አዲሱን የጨዋታ ቅጂ ለማውረድ ሰፊ መስመር ጠቃሚ መሆኑ ባይካድም፣ ለመጫወት ግን የሚያስፈልገው አጭርና የማይዋዥቅ መንገድ ነው።

የመዘግየቱ የመጀመሪያ ምንጭ ርቀት ነው። ብርሃን በባዶ ሕዋ ውስጥ በሰከንድ ወደ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ኢንተርኔትን በሚያስተላልፈው የፋይበር ኦፕቲክ መስታወት ውስጥ ግን ፍጥነቱ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሶ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ስለሆነም በተጫዋቹና በሰርቨሩ መካከል ለሚኖረው ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር የደርሶ መልስ ጉዞው አንድ ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ ሺህኛ፣ ይወስዳል። ከአዲስ አበባ ዱባይ በቀጥታ መስመር ወደ 2 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር፣ ጆሃንስበርግ ወደ 4 ሺህ፣ ፍራንክፈርት ወደ 5 ሺህ 300፣ ዋሽንግተን ደግሞ ወደ 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ፋይበሩ እንደ ክር ተወጥሮ ቢዘረጋ እንኳ የደርሶ መልሱ ጊዜ እንደቅደም ተከተላቸው ከ25፣ ከ40፣ ከ53 እና ከ115 ሚሊ ሰከንድ ሊያንስ አይችልም። ይህን ወለል ዝቅ የሚያደርግ ጥቅልም ሆነ ራውተር በገበያ ላይ የለም።

ርቀትን በገንዘብ ለማሳጠር የተደረጉ ሙከራዎች ይህንኑ ያረጋግጣሉ። ለንደንንና ኒውዮርክን የሚያገናኘው ሂበርኒያ ኤክስፕረስ የተባለው የባሕር ገመድ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ሲጀምር ዋነኛ መሸጫው የደርሶ መልስ ጊዜውን ከ60 ሚሊ ሰከንድ በታች ማድረሱ ነበር። ከታሰቡት ደንበኞች ቀዳሚዎቹ ተጫዋቾች ሳይሆኑ የአክሲዮን ነጋዴዎች ናቸው። ለዚህ ሁሉ ወጪ የተገኘው ትርፍም ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ነው።

በተግባር ገመዱ የሚሄደው በቀጥታ መስመር አይደለም። ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት በመሆኗ ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት ግንኙነቷ ወደ ባሕር ገመዶች የሚደርሰው እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤት አገሮች በኩል ነው። በጅቡቲ በኩል ወደ አውሮፓ የሚሄድ ፓኬት ቀይ ባሕርን ሽቅብ ወጥቶ፣ ግብፅን አቋርጦና ሜዲትራንያንን ተሻግሮ ማርሴይ ሲደርስ፣ ከዚያም ወደ ፍራንክፈርት ሲያቀና የሚጓዘው ርቀት ወደ 7 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ ብቻውን 70 ሚሊ ሰከንድ ነው። በየመንገዱ ያሉ የማስተላለፊያ መሣሪያዎች የሚወስዱት ጊዜ፣ የከተማው መዳረሻ መስመርና የሞባይል ኔትወርኩ ሲጨመሩበት ቁጥሩ ከመቶ ማለፉ ሊያስገርም አይገባም።

ቀይ ባሕር በዚህ ረገድ ስስ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር ውስጥ ሲኮምን ጨምሮ በርካታ ገመዶች የተጎዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደግሞ በጅዳ አቅራቢያ ሌሎች ገመዶች ተቆርጠዋል። በሁለተኛው አጋጣሚ ማይክሮሶፍት ኩባንያ በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል የሚያልፈው የአዙር አገልግሎት ግንኙነት መዘግየቱ ሊጨምር እንደሚችል ለደንበኞቹ አስታውቋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መረጃው በሌላ፣ ብዙውን ጊዜ በረዘመ መስመር ስለሚዞር፣ ትናንት በ120 ሚሊ ሰከንድ ሲጫወት የነበረ ወጣት ዛሬ በድንገት 250 ቢያነብ ጥፋቱን በኮምፒውተሩ ላይ መፈለጉ ከንቱ ድካም ነው።

ፍተሻው ከቤት ይጀምራል

ባለሙያዎች የሚመክሩት ቅደም ተከተል ከቅርብ ወደ ሩቅ መሄድን ነው። ዋናው መሣሪያ በማናቸውም ኮምፒውተር ላይ ያለ ክፍያ የሚገኘው ፒንግ የተባለው ትእዛዝ ነው። ይህን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፉት በአሜሪካ ጦር የባሊስቲክ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ማይክ ሙስ ሲሆኑ፣ ስያሜውንም የወሰዱት ባሕር ሰርጓጅ መርከብን በድምፅ ማሚቶ ከሚፈልገው መሣሪያ ነው። ትእዛዙ ትንሽ ፓኬት ልኮ ማሚቶዋ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ይነግራል።

በመጀመሪያ ፒንግ መደረግ ያለበት የቤቱ ራውተር ራሱ ነው፤ አድራሻው በብዙ ቤቶች 192.168.1.1 ነው። በገመድ ለተገናኘ ኮምፒውተር መልሱ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሰከንድ መሆን ይገባዋል። በዋይፋይ ተገናኝቶ አንዴ 3፣ አንዴ 90፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ መልስ የማያገኝ ከሆነ ችግሩ ፍራንክፈርት ሳይሆን ሳሎን ውስጥ ነው። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ይህ የተለመደ ነው። የ2 ነጥብ 4 ጊጋኸርዝ ሞገድን በአንድ ሕንፃ ውስጥ በርካታ ራውተሮች የሚሻሙት ሲሆን፣ የምግብ ማሞቂያ ማይክሮዌቭም በዚሁ ክልል ውስጥ ይሠራል። ወደ 5 ጊጋኸርዝ መቀየር ይረዳል፤ ጥቂት ሜትር የኔትወርክ ገመድ ገዝቶ ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ነው። በወጪ አንጻር ሲታይም ከዚህ የሚወዳደር መፍትሔ የለም።

ከዚያ የሚቀጥለው ፈተና ብዙዎች የማያውቁት ነው። ተጫዋቹ ሰርቨሩን በተከታታይ ፒንግ እያደረገ ሳለ፣ ሌላ የቤተሰብ አባል ፎቶግራፍ ወይም ቪዲዮ ወደ ኢንተርኔት እንዲልክ ይደረግ። መስመሩ ባዶ ሳለ 130 ይል የነበረው ቁጥር በዚህ ጊዜ ወደ 500 ወይም ከዚያ በላይ ከዘለለ፣ መንስኤው በራውተሩ ውስጥ የሚፈጠረው ወረፋ ነው። ራውተሩ መላክ ከሚችለው በላይ መረጃ ሲመጣለት ትርፉን በማኅደረ ትውስታው ውስጥ ያከማቻል፤ የጨዋታው ትንሽ ፓኬትም እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ከቪዲዮው ኋላ ተሰልፋ ተራዋን ትጠብቃለች። በተለይ የመላኪያው አቅጣጫ ጠባብ በሆነባቸው መስመሮች ላይ ወረፋው ይረዝማል።

ይህ ክስተት ቡፈርብሎት የሚለውን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ጂም ጌቲስ የተባሉት የኮምፒውተር ባለሙያ በራሳቸው ቤት ያጋጠማቸውን መዘግየት ተከታትለው ካጋለጡ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ኮድል የተባለውን የወረፋ መቆጣጠሪያ ዘዴ ያቀረቡ ሲሆን፣ ከእርሱ የዳበረውና እያንዳንዱን ግንኙነት ለየብቻ የሚያሰልፈው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2018 በኢንተርኔት የምሕንድስና ግብረ ኃይል ሰነድነት ታትሟል። ራውተሩ ይህን ዘዴ ወይም የትራፊክ ቅድሚያ መስጫን የሚቀበል ከሆነ፣ አሠራሩን ማብራትና የመላኪያውንና የመቀበያውን መጠን ከትክክለኛው የመስመሩ አቅም ከ85 እስከ 90 በመቶ ላይ መገደብ ወረፋውን ከሞላ ጎደል ያስወግደዋል። ከአቅሙ ጥቂት በመቶ ሆን ብሎ መተው ለጊዜው ኪሳራ ቢመስልም ውጤቱ ግን ወዲያው ይታያል። ራውተሩ ይህን የማይችል ከሆነም በጨዋታው ሰዓት የኮምፒውተርና የስልክ ራስ ሰር ማዘመኛዎችን ማቆም ይቻላል።

በሞባይል ኢንተርኔት የሚጫወቱ ተጠቃሚዎች ተጨማሪ ሸክም አለባቸው። በሦስተኛው ትውልድ ኔትወርክ የሬዲዮው ክፍል ብቻውን ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊጨምር ይችላል፤ በአራተኛው ትውልድ ይህ ወደ ጥቂት አሥሮች ይወርዳል። ስልኩ በሁለቱ መካከል የሚመላለስበት አካባቢ ከሆነ ቁጥሩ መዋዠቁ አይቀርም።

ከቤት ውጭ ያለው መንገድ

የቤቱ ጉዳይ ከተጣራ በኋላ በዊንዶውስ ላይ ትሬሰርት ተብሎ የሚጠራው ትእዛዝ ፓኬቱ የሚያልፍባቸውን ጣቢያዎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ዝርዝሩን በማንበብ ረገድ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። በመካከል ያለ አንድ ጣቢያ 300 ሚሊ ሰከንድ ቢያሳይና ቀጣዮቹ ተመልሰው 110 ቢሆኑ ችግር የለም፤ ያ መሣሪያ ለፒንግ መልስ መስጠትን እንደ ትርፍ ሥራ ስለሚቆጥረው ብቻ ነው። ሊያሳስብ የሚገባው ከአንድ ጣቢያ ጀምሮ የጨመረው ቁጥር እስከ መጨረሻው ሳይወርድ ሲቀጥል ነው።

እንዲህ ያለው ጭማሪ ብዙ ጊዜ የመንገድ መጠማዘዝን ያመለክታል። ዱባይ ያለን ሰርቨር የሚፈልግ ፓኬት፣ ኔትወርኮቹ በአቅራቢያ የሚገናኙበት ስምምነት ከሌላቸው፣ አውሮፓ ደርሶ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሊመለስ ይችላል። በካርታ ላይ ቅርብ የሆነው ዱባይ በዚህ ጊዜ ከፍራንክፈርት ይልቅ ይርቃል። አፍሪካ ይህን ችግር ለረጅም ጊዜ ታውቀዋለች፤ በናይሮቢ የኢንተርኔት መለዋወጫ ጣቢያ ከመቋቋሙ በፊት በአንዲት ከተማ ውስጥ ባሉ ሁለት ድርጅቶች መካከል የሚላክ መልእክት ባሕር ማዶ ተሻግሮ ይመለስ ነበር።

ቪፒኤን የሚባለው አገልግሎት የሚጠቅመው በዚህ ሁኔታ ብቻ ነው። የተሻለ መንገድ ባለው ኔትወርክ በኩል ካሳለፈ ጠመዝማዛውን ሊያቃና ይችላል፤ መንገዱ ቀድሞውንም ቀጥ ያለ ከሆነ ግን ሌላ ጣቢያ ከመጨመር ያለፈ ፋይዳ የለውም። "ፒንግ እናጠፋለን" የሚሉ የንግድ ማስታወቂያዎች ይህን ልዩነት አይናገሩም። ስለዚህ ለአንድ ወር ከመክፈል በፊት በነፃ የሙከራ ጊዜው መለካት ተገቢ ነው።

ከዚሁ ጋር በተያያዘ የሰርቨር ምርጫ ትልቅ ድርሻ አለው። ዶታ 2ን የመሳሰሉ ጨዋታዎች በዱባይና በደቡብ አፍሪካም ሰርቨር ስላላቸው ተጫዋቹ የእያንዳንዱን ቁጥር ለክቶ መምረጥ ይችላል። የተለያየ አህጉር ላይ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ግን ምርጫው ስምምነት ይጠይቃል። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድም በአሜሪካ ሜሪላንድ ከሚኖረው ታላቁ ጋር ሲጫወት የአሜሪካውን ሰርቨር ቢመርጡ የአንዱ መዘግየት እጅግ አነስተኛ፣ የሌላው ደግሞ ከ200 ሚሊ ሰከንድ የሚያልፍ ሊሆን ይችላል። በምዕራብ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ለሁለቱም ፍጹም ባይሆንም ሸክሙን ያካፍላቸዋል።

የጨዋታ አዘጋጆችም የርቀትን ጉዳት ለመቀነስ ብዙ ሠርተዋል። ጆን ካርማክ እ.ኤ.አ. በ1996 ለሕዝብ ባቀረቡት ኩዌክወርልድ የተጫዋቹ ኮምፒውተር የሰርቨሩን መልስ ሳይጠብቅ እንቅስቃሴውን አስቀድሞ እንዲገምት አድርገዋል። ሌሎች ጨዋታዎች ደግሞ አንድ ጥይት ዒላማውን መምታቱን ሲዳኙ፣ ተኳሹ በተኮሰበት ቅጽበት በማያ ገጹ ላይ ምን ይታየው እንደነበር ሰርቨሩ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲያይ ያደርጋሉ። ይህ ለሩቁ ተጫዋች ፍትሕ ቢሆንም፣ ቅርብ ያለው ባላጋራ ከግድግዳ ጀርባ ከገባ በኋላ የተመታ ሆኖ ስለሚሰማው ጭቅጭቁ አልበረደም። ከሚገመተው በላይ ለሚዋዥቅ መስመር ግን ይህ ዘዴም አይሠራለትም። በአንድ ዓይነት 140 ሚሊ ሰከንድ ላይ የረጋ ግንኙነት በ80 እና በ300 መካከል ከሚዘል ግንኙነት ይልቅ ለመጫወት የሚመች የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ የወጣቶች መዝናኛ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ የሚያደርግ አንድ መለኪያ አለ። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለድምፅ ንግግር የሚመክረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። ከዚህ ሲያልፍ ተነጋጋሪዎች እርስ በርስ ይቋረጣሉ። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ወደ ቤተሰቡ በኢንተርኔት የሚደውል ሰውም ሆነ ለውጭ ድርጅት ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚሠራ ባለሙያ የሚጠቀሙት ተጫዋቹ የሚለካውን ያንኑ መንገድ ነው።

ፍተሻው ችግሩን ከቤት ውጭ ካሳየ የሚቀረው ለአገልግሎት ሰጪው ማመልከት ነው። "ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው" የሚል አቤቱታ ለቴክኒክ ባለሙያ የሚሰጠው ፍንጭ የለም። በገመድ ተገናኝቶ፣ ማለዳና ማታ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለሦስት ወይም ለአራት ቀናት የተወሰደ የፒንግና የትሬሰርት ውጤት ግን የትኛው ጣቢያ ላይ ጊዜው እንደጨመረ ያሳያል። ጭማሪው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ብቻ የሚታይ ከሆነ የመስመር መጨናነቅን፣ ቀንና ሌሊት እኩል ከሆነ ደግሞ የመንገድ ለውጥን ያመለክታል።