ኤክሴል ጥምቀትን አያውቅም
የዓመት ፈቃድ ስሌት፦ ተረትና እውነታ

በፈቃድ ቀን ላይ ክርክር ሲነሣ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚዘጋው «ኤክሴሉ ያወጣው ነው» በሚል መልስ ነው። ኤክሴል ግን የሚያወጣው የተጠየቀውን ብቻ ነው። በአገራችን ደግሞ የፈቃድ ጥያቄ ስለ ቅዳሜ፣ ስለ ጳጉሜና ስለ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጭምር የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ከሌላ አገር የተገለበጠ ፎርሙላ ሁሉ እዚህ አይሠራም።

«ማብቂያው ሲቀነስ መነሻው የፈቃዱን ቀን ይሰጣል»

ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው እንደ ተራ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ቁጥር 1 ነው፤ የ2018 ጥምቀት ደግሞ 46041። ስለዚህ ቀንን ከቀን መቀነስ ይቻላል፤ ውጤቱ ግን የፈቃድ ቀን አይደለም።

ጥር 2018ን እንውሰድ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ያለች ሠራተኛ ከሰኞ ጥር 4 እስከ ቅዳሜ ጥር 16 ፈቃድ ወጣች እንበል። መቀነስ ብቻ 12 ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ቀን ተውጦ ቀርቷል። አንድ ሲደመርበት 13 ይሆናል፤ አሁን ደግሞ እሑድ ጥር 10 እና ሰኞ የዋለው ጥምቀት አብረው ተቆጥረውባታል። የሥራ ቀን ይቆጥራል የሚባለው «ኔትወርክዴይስ» 10 ይላል። ትክክለኛው 11 ነው። ሕጉ የሚሰጠው የሥራ ቀን ነውና እሑዱም በዓሉም ከፈቃዷ ሊነሡ አይገባም።

«ኔትወርክዴይስ ሁሉንም ያውቃል»

ከላይ 10 ያለው ለምንድን ነው? ሁለት ስህተት ሠርቶ አንዱ ሌላውን በከፊል ስለሸፈነለት ነው። ሁለቱን ቅዳሜዎች እንደ ዕረፍት ቆጥሮ ጣለ፤ ጥምቀትን ግን እንደ ማንኛውም ሰኞ ቆጠረ። እንዲህ ያለው ስህተት ለዓይን አይጋለጥም፤ ቁጥሩ «የሚመስል» ቁጥር ነውና።

መፍትሔው ያው ፎርሙላ «ኢንትል» የሚል ቅጥያ ያለው ዓይነቱ ነው። በሦስተኛው ቦታ ላይ የዕረፍት ቀኑን ይጠይቃል፤ 11 ብሎ መጻፍ «የምናርፈው እሑድ ብቻ ነው» ማለት ነው። በአራተኛው ቦታ የበዓላት ዝርዝር ይገባል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራበትና በግማሽ እንዲቆጠር ስምምነት ያለበት ቤት ከሆነ ሁለት ቆጠራ ያስፈልጋል። አንደኛው ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን ይቆጥራል። ሁለተኛው በሦስተኛው ቦታ «1111101» ተብሎ ይጻፍና ቅዳሜዎችን ብቻ ይቆጥራል፤ ውጤቱ በ0.5 ተባዝቶ ይደመራል። በዚያ ቁጥር ውስጥ ቦታዎቹ ከሰኞ ይጀምራሉ፤ 1 ዕረፍት፣ 0 ሥራ ነው።

የበዓላቱን ዝርዝር ከአምናው ገልብጦ መለጠፍም አያዋጣም። መስቀል በ2017 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ዋለ፤ በ2016 ግን 28 ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበረው ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለነበረው። ጥምቀትም በዚያው ዓመት ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ተሻግሯል። ገና በተቃራኒው ከጃንዋሪ 7 ንቅንቅ አይልም፤ በእኛ አቆጣጠር ነው ከታኅሣሥ 29 ወደ 28 የሚወርደው። ፋሲካ በየዓመቱ ይዞራል። ዒድ ደግሞ በጨረቃ መታየት የሚቆረጥ ስለሆነ ዝርዝሩ ላይ ያለው ቀን በዋዜማው ምሽት እንኳ ሊታረም ይችላል።

«የእኛን ቀን እንዳለ ብጽፈው ምን ችግር አለው? ልዩነቱ ያው ነው»

ይህኛው ነው ብዙ ሺት ያበላሸው። 25/1/2018 ብለው መስከረም 25ን ሲጽፉ ኤክሴል የሚያየው ጃንዋሪን ነው። ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 5 ልዩነቱ 10 ቀን ነው፤ ኤክሴል ግን ለጃንዋሪ 31 ቀን ሰጥቶ 11 ይላል። የሳምንቱ ቀንም አብሮ ይሳሳታል፤ እሑድ ብሎ የሚጥለው እኛ ሥራ የገባንበትን ረቡዕ ሊሆን ይችላል። ጥቅምት 30 ሲጻፍ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ቀን መሆኑ ይቀርና ጽሑፍ ይሆናል። ምልክቱ ወደ ሴሉ ግራ ጠርዝ መጠጋቱ ነው። በ«ዴት» ፎርሙላ ከገባማ የባሰ ነው፤ ሳያስጠነቅቅ ወደ ማርች 2 ያሸጋግረዋል።

ጳጉሜ 5 ምን እንደሚሆን በኮምፒውተሩ የቀን አጻጻፍ ይወሰናል። ቀን በሚቀድምበት አጻጻፍ 13ኛ ወር ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ወር በሚቀድምበት በአሜሪካው አጻጻፍ ግን ሜይ 13 ይሆናል፤ ማንም አያስተውለውም።

ለዚህ አዲስ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በሦስት የተለያዩ ሴሎች ጽፎ የሚከተለውን ማስላት ይበቃል፦ 365 በ(ዓመት ሲቀነስ 1) ይባዛ፤ ዓመት ለ4 ተካፍሎ ሙሉ ቁጥሩ ብቻ ይደመር፤ 30 በ(ወር ሲቀነስ 1) ተባዝቶ ይደመር፤ ቀኑ ይደመር፤ ከጠቅላላው 690799 ይቀነስ። በጥር 11 ቀን 2018 ስንፈትነው 736205፣ 504፣ 120 እና 11 ተደምረው 736840 ይሆናሉ፤ 690799 ሲቀነስ 46041፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2026 ይወጣል። ጳጉሜን 13ኛ ወር ብሎ መጻፍ ነው፤ ምንም ልዩ አያያዝ አትፈልግም። በጉግል ሺትስም ያው ይሠራል። የሚያሳስተው አንዳንድ ከድሮ ማክ የመጣ ፋይል ብቻ ነው፤ እሱ ቀን መቁጠር የሚጀምረው ከ1904 ነው።

«በመጀመሪያው ዓመት 14፣ ከዚያ በየዓመቱ አንድ»

ያ ከአዋጅ ቁጥር 377/96 ጋር ቀረ። አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ለየሁለት ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨምራል። ስለዚህ ከአገልግሎት ዓመቱ አንድ ይቀነሳል፣ ለ2 ይካፈላል፣ ሙሉ ቁጥሩ 16 ላይ ይደመራል፤ ሦስት ዓመት የሞላው 17፣ አምስት የሞላው 18 አለው። የኅብረት ስምምነቱ የተሻለ ከሰጠ የሚያዘው እሱ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ አዋጅ ስላለው በአንድ ፎርሙላ መደባለቅ አይገባም።

የአገልግሎት ዓመትን ቀኑን ለ365 በማካፈል ማግኘት የተለመደ ነው፤ ትርፍ ቀን ያለባቸው ዓመታት ሲደራረቡ ግን ዓመቱን ሳይሞላ የሞላ ያስመስላል። «ዴትዲፍ» ለዚህ የተሠራ ነው። ስሙን መጻፍ ስትጀምሩ ኤክሴል አይጠቁማችሁም፤ ለድሮው ሎተስ 1-2-3 ተብሎ የቀረ ስለሆነ በቃል ይዞ መጻፍ ነው።

«ያልተወሰደ ፈቃድ በገንዘብ ይቀየራል»

ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ የዓመት ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥ አዋጁ በመርህ ይከለክላል፤ ክፍያው የሚመጣው የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ነው። ማስተላለፍ ይቻላል፣ ግን ከሁለት ዓመት በላይ አይደለም። እዚህ ላይ «ቀሪ» የምትለዋ አንዲት ዓምድ ጉዷ ይወጣል። 23 ቀን ቀሪ ያለው ሰው ስንቱ የዘንድሮ፣ ስንቱ የአምና እንደሆነ ከእሷ አይታወቅም። ለእያንዳንዱ ዓመት የራሱ ዓምድ ይኑረው፤ የሚወሰደው ፈቃድም በቅድሚያ ከአሮጌው ዓመት ይነሣ።

«አንዱ ፎርሙላ ለሁሉም ፈቃድ ያገለግላል»

የወሊድ ፈቃድ ከመውለጃ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው። ተከታታይ ስለሆነ እሑዱም በዓሉም ይቆጠራል፤ ተራ መደመር ይበቃዋል። የሕመም ፈቃድ ደግሞ ከመጀመሪያው የሕመም ቀን ጀምሮ ባሉት 12 ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር ነው፤ አንደኛው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ያለ ክፍያ። መስከረም ሲጠባ ከዜሮ የሚጀምር ሺት በዚህ ስሌት ደመወዝ ያሳስታል።

የፈቃድ ደብዳቤው ላይ የሚጻፈውን የመመለሻ ቀን ለማውጣት «ወርክዴይ» አለ፤ ቅዳሜ ለሚሠራ ቤት እሱም «ኢንትል» የሚል ቅጥያ ያለው ዓይነቱ ይሁን። ይህ ፎርሙላ የመነሻውን ቀን አይቆጥርም። ስለዚህ ጥር 4 ለወጣችው ሠራተኛ ከመነሻው 11 ቀን ቢሰጡት የሚያወጣው ሥራ የምትገባበትን ሰኞ ጥር 18ን ነው። የመጨረሻው የፈቃድ ቀን ከተፈለገ ከመነሻው አንድ ቀን ቀንሶ መስጠት ነው፤ ያኔ ቅዳሜ ጥር 16 ይወጣል።