«ኦፍ ሮድ» ወይስ መደበኛው?

ለሱቅም ለቤትም የምትሆን መኪና ስትፈልጉ ሻጩ «ኦፍ ሮድ» የተባለውን ያሳያችሁ ይሆናል። ቶዮታ ፎርራነርን ለምሳሌ እንውሰድ። ቲ.አር.ዲ. ኦፍ ሮድ የሚባለው የኋላ ዲፈረንሻሉን መቆለፍ ይችላል። ይህ ጭቃና ድንጋይ ላይ ይጠቅማል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ሥራ የለውም። ሐሳባችሁ በረዶው ከሆነ፣ በአራቱም ጎማ የሚሄድ መደበኛ ኤስ.አር.5 አለ፤ የክረምት ጎማ ግዙለት።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። አይ.አር.ኤስ. ለ2025 የፈቀደው ለንግድ በተነዳ በአንድ ማይል 70 ሳንቲም ነው። 10,000 ማይል የነዳ 7,000 ዶላር ከገቢው ይቀንሳል። መኪናው ውድም ሆነ ርካሽ ሒሳቡ ያው ነው፤ ቤንዚኑ፣ ጎማውና እርጅናው እዚያው ውስጥ ተቆጥሯል። ስለዚህ ለኦፍ ሮዱ የጨመራችሁት ገንዘብ ተጨማሪ ቅናሽ አያመጣላችሁም።

በእውነተኛ ወጪ የሚያሰላ ሰው ደረሰኙን ሁሉ ይያዝ። በማይል ማስላት የሚፈልግ ደግሞ መኪናው ለሥራ በዋለበት በመጀመሪያው ዓመት ይጀምር፤ ካለፈ በኋላ ለዚያች መኪና አይፈቀድለትም። ከቤት ሱቅ መመላለስ በሁለቱም መንገድ አይቆጠርም።

ቅዳሜና እሑድ ተራራ የምትወጡ ከሆነ ግዙት፤ ነገር ግን የመዝናኛ ወጪ እንጂ የንግድ ወጪ ነው ብላችሁ ራሳችሁን አታታልሉ።